ከርክክቡ ማግስት

የበጎ አድራጎት ክለባችንን ዜና የምጽፈው እኔ ነኝ። ተሽቀዳድሜ የወሰድኩት ሥራ አይደለም። ስብሰባ ላይ «ማን ይጻፍ?» ሲባል ሁሉም አቀርቅሮ ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔ ቀና ብዬ ተገኘሁ። በቃ፣ ተሾምኩ።

ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ እንግዳ ተናጋሪው ስለ ምን አወራ፣ ምን ተወሰነ፣ መዋጮ ያልከፈለ አለ ወይ (ስም አይጠራም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል)። ከዚያ ዋናው ዜና ይመጣል። ዋናው ዜና ሁልጊዜ ርክክብ ነው። ክለቡ ዊልቸር አስረከበ። ክለቡ ለተማሪዎች ደብተርና ቦርሳ አስረከበ። ክለቡ የውኃ ማጠራቀሚያ አስረከበ። ፎቶው ላይ ባነሩ ከፊት ይዘረጋል፣ አባላቱ ከኋላ ይደረደራሉ፣ ተቀባዩ መሀል ላይ ፈገግ ይላል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የድሮ ዜናዎቻችንን አገላበጥኳቸው። ቀኑንና የዕቃውን ስም ብትሸፍኑት አንዱን ካንዱ መለየት አይቻልም።

ከሁሉም ውስጥ ደግሞ ዞር ብሎ ያየ አንድም ዜና የለም። ያ ማጠራቀሚያ ዛሬ ውኃ አለው? ቦርሳ የተሰጠው ልጅ ትምህርቱን ቀጠለ? ዊልቸሩስ ይንቀሳቀሳል?

ስለዚህ ከገጹ ግርጌ አንዲት ትንሽ አምድ ከፈትኩ። «የት ደረሰ?» አልኳት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ዜና ጸሐፊ የመሆን ብቸኛው ጥቅም ይሄ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት ዊልቸር የተሰጠው አንድ ልጅ ቤት ነው። ገንዘብ ያዣችንም አብራኝ መጣች። እናትየው በሩን ከፍተው አዩንና «ልጆቼ፣ ዛሬም ፎቶ አለ እንዴ?» አሉን። ነገር መውጋታቸው አልነበረም። ፎቶ ካለ የልጁን ሸሚዝ ሊቀይሩለት ነው የጠየቁት።

ዊልቸሩ ግድግዳ ጥግ ቆሟል። መደገፊያው ላይ የታጠበ ልብስ ተሰቅሎበታል። ገንዘብ ያዣችን ልብሱን አነሣችና ጎንበስ ብላ ታየው ጀመር። ከፊት ካሉት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አንደኛው ተሰንጥቋል። የሌላኛውን ኩሽኔታ አሸዋ በልቶት፣ ሲገፉት ይንጫጫል። የግራው ፍሬን ብሎኑ ወልቆ ተንጠልጥሏል። የእግር መርገጫው በሽቦ ታስሯል። መቀመጫው ደግሞ ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ ልጁን ሰፍቶታል። ሲቀመጥበት ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። እናቱ ብርድ ልብስ አጣጥፈው በጎኑ ይወትፉለታል።

«ለምን ያህል ጊዜ አገለገላችሁ?» አልኳቸው።

«አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀም» አሉ። ወዲያው ደግሞ ደንገጥ ብለው «ግን እግዜር ይስጥልን፣ እናንተ ባትኖሩ ማን ያስታውሰን ነበር» ብለው ጨመሩበት።

ልጁ ግን የእናቱ ይሉኝታ የለበትም። «ዳገቱ ላይ ነው የተሰበረው። ይሄ ጎማ ለሊሾ ወለል ነው» አለን። እውነቱን ነው። የፊት ጎማ ትንሽና ደረቅ ከሆነ ኮረኮንች ላይ ድንጋይ በነካ ቁጥር ይቆማል፣ ተቀማጩንም ወደ ፊት ይወረውራል። ለኮረኮንች ተለቅና ሰፋ ያለ ጎማ ነው የሚያዋጣው። ዊልቸሮቹን ስናዝ ይህን ያነሣ አባል አልነበረም። ልጁ ያውቀዋል። የጠየቀው ሰው የለም እንጂ።

ቤት ገብቼ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ዊልቸር አሰጣጥ ያወጣውን መመሪያ አገኘሁ። ነገሩን 8 ደረጃ አድርጎ ይዘረዝረዋል። ሰውየውን ተቀብሎ መመዝገብ፣ አካሉንና አኗኗሩን ማየት፣ የሚስማማውን ዓይነት መወሰን፣ ገንዘብ አፈላልጎ ማዘዝ፣ ዕቃውን ማዘጋጀት፣ በልኩ ማስተካከል፣ አጠቃቀሙን ማሳየት፣ ከዚያ መከታተልና መጠገን። እኛ አራተኛው ላይ ማንም አይደርስብንም። ገንዘብ ማፈላለግ ስንባል እሳት ነን። ከዚያ ዕቃው ይመጣል፣ ባነሩ ይዘረጋል፣ አለቀ። ስለ ትራስ እንኳ አስበን አናውቅም። ለካ መቀመጫው ላይ ስሜት የሌለው ሰው ያለ ተስማሚ ትራስ ብዙ ሰዓት ከተቀመጠ ገላው ይቆስላል። ቁስሉ ካመረቀዘ ደግሞ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ያለ ትራስ የተሰጠ ዊልቸር ራሱ በሽታ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

የልጁን ዊልቸር የጠገነው ጎሚስታ ነው። እኛ የሕክምና ዕቃ ነው ብለን ስንፈራው፣ ሰውየው እንደ ማንኛውም ብስክሌት ገለበጠው። ኩሽኔታውን መታ መታ አድርጎ አወጣ፣ በሌላ ተካው፣ ግራሶ ቀባው፣ ለፍሬኑ ብሎን ፈለገለት። የፊት ጎማው ግን ልኩ ሊገኝ አልቻለም። በመጨረሻ ከሌላ የተበላሸ ዊልቸር ላይ ፈታበት። የተበላሸው ዊልቸር ከየት መጣ አትሉም? ከእኛው የርክክብ ዝርዝር ላይ ነው። ይህንንም ጻፍኩት። ፕሬዚዳንታችን አንብቦ ደወለልኝና «ይሄ የግድ መውጣት ነበረበት?» አለኝ። «ወጥቷል እኮ» አልኩት። ሳቅንበት። ያኮረፈ መስሎኝ ነበር፣ አላኮረፈም።

በክለባችን ክፉ ሰው የለም፣ ሰነፍም የለም። ነገሩ የሚበላሸው ከቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። በየአገሩ ቅርንጫፍ እንዳላቸው እንደ ሮታሪና እንደ ላየንስ የበጎ አድራጎት ክለቦች ሁሉ የእኛም የሥራ ዓመት ጁላይ 1 ይጀምርና ጁን 30 ያልቃል። ፕሬዚዳንቱ ያለው 12 ወር ብቻ ነው። መጀመሪያውን ሲያቅድ፣ መሀሉን ገንዘብ ሲለምን፣ መጨረሻውን ሲያስረክብ ያሳልፈዋል። ከዚያ የሹመት ሰንሰለቱን ከአንገቱ አውልቆ፣ የስብሰባውን ደወል ለተተኪው ሰጥቶ ይቀመጣል። ተተኪው ደግሞ የራሱ የልብ ጉዳይ አለው። የአምናው ዊልቸር ከሆነ የዘንድሮው ችግኝ ነው። የሌላ ሰው ዊልቸር ጎማ አስቀይሮ ስሙ የተነሣ ፕሬዚዳንት አላየሁም።

ይህን ከአንጋፋ አባሎቻችን ለአንዱ አነሣሁባቸው። «ጋሼ፣ ሹመቱ ለምን ሦስት ዓመት አይሆንም?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ብትሰጪው ክለቡን የግሉ ያደርገዋል። በየዓመቱ ስለሚወርድ ነው ሳንኮራረፍ እዚህ የደረስነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንድ ሰው ተጣብቆባቸው የሞቱ ማኅበራትን እኔም አይቻለሁ።

ደግሞም የአንድ ዓመት ሹመት ረጅም ሥራን አያግድም። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ሲጀመር ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃና ሦስት ጓደኞቹ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ጓደኝነትና ገበያ መለዋወጥ እንጂ በጎ አድራጎት ዋና ሐሳባቸው አልነበረም። ስሙም የመጣው በየተራ አንዱ ሌላው ቢሮ እየዞሩ ስለሚሰበሰቡ ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ አገልግሎታቸው ተብሎ የሚጠቀሰው በ1907 የተነሡለት የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። መጸዳጃ ቤት ሪባን ስለተቆረጠለት አያልቅም። በማግስቱ የሚያጥበው ሰው ይፈልጋል፣ በማግስቱም እንዲሁ።

ፖሊዮ ደግሞ አለ። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ፊሊፒንስ ውስጥ ሕፃናትን በማስከተብ ጀመረ፣ በ1985 የዓለም ዘመቻ አደረገው። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አብረውት ሲነሡ በሽታው ከ125 በላይ አገሮች ውስጥ በዓመት ወደ 350,000 ሰዎችን፣ አብዛኛውን ሕፃናትን፣ ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ የዱር ቫይረሱ፣ ማለትም በተፈጥሮ የሚዛመተው ዓይነት፣ ሥርጭት ያልተቋረጠባቸው አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ብቻ ናቸው። አፍሪካ በኦገስት 2020 ከዱር ፖሊዮ ነፃ ተባለች። ከክትባቱ ራሱ የሚነሣው ዓይነት አሁንም እዚህም እዚያም ብቅ ስለሚል ሥራው አላለቀም። ይህ ሁሉ የሆነው ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ እየተቀያየረ ነው።

እንዴት ቻሉት? ለእኔ መልሱ ጠመኔው ላይ ነው። ክትባት ሰጪዎቹ በየቤቱ ሲሄዱ ሕፃኑ አፍ ውስጥ 2 ጠብታ ያደርጋሉ፣ ትንሿን ጣቱን ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ በሩ ወይም ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ቤቱ ውስጥ ስንት ሕፃን አለ፣ ስንቱ ተከተበ፣ ቀኑ መቼ ነው። ተኝቶ ወይም አያቱ ጋ ሄዶ ያመለጠ ካለ ተመልሰው ይመጡለታል። ሌላ ሰው ደግሞ ከኋላ እየመጣ ጣት ያያል፣ ጠመኔውን ያነባል። ተመልሶ መምጣቱ የደግ ሰው ፈቃድ አይደለም፣ የሥራው ክፍል ነው። ደክሞት የቀረ ሰው ቢኖር እንኳ ግድግዳው ያሳብቅበታል።

ላየንሶችም ቢሆኑ አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ ማለት ያውቁበታል። ማየትም መስማትም የማትችለው አሜሪካዊት ደራሲ ሄለን ከለር እ.ኤ.አ. በ1925 ጉባኤያቸው ላይ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ለመነቻቸው። ይኸው 100 ዓመት፣ ዛሬም ላየንስ ሲባል መነጽርና የዓይን ቀዶ ሕክምና ነው ትዝ የሚለው።

ወደ እኛ መንደር ስመለስ፣ የችግኙ ነገር ባይነሣ ይሻላል። የተተከለውን ቆጥረን በትልቁ ዘግበን ነበር። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሄደን የቀረውን ቆጠርን፣ እሱንም ጻፍኩት። በዚያ ሳምንት ስብሰባው ላይ ሳል እንኳ አልተሰማም። የደም ልገሳው ግን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ደም ራሱ አንዴ ሰጥቶ መርሳትን አይፈቅድም። ቀይ የደም ሴል እንደ መጠበቂያው ዓይነት ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት እማ ጥቂት ቀን ብቻ። የደም ባንኩ ከእኛ በፊት ቀጠሮ ቆርጦ ይደውላል። እንዲህ የሚጨቀጭቅ ተቀባይ ያለው ፕሮጀክት አይሞትም። ዊልቸር የወሰደ ሰው ግን ደውሎ «ተሰበረብኝ» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ መደወል ያለብን እኛው ነን።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። በክለባችን ማን ነው የሚደውለው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በብዛት ሴቶቹ ናቸው። ሮታሪ ለረጅም ዘመን ሴት አባል አይቀበልም ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ክለብ ሴቶችን አስገብቶ ተባረረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለክለቡ ፈረደለት። በ1989 ራሱ ድርጅቱ ደንቡን ለወጠ። አባል ያልሆኑ ሚስቶችና እኅቶች ከዚያ በፊትም ስንቱን ሥራ ከጀርባ ሲሠሩ እንደኖሩ መገመት አያቅትም። አሁን ደግሞ በክለባችን ወንዶቹ ባነሩን ሲይዙ ሴቶቹ የስልክ ዝርዝሩን ይይዛሉ። ገንዘብ ያዣችን ይህን ስታነብ ትስቃለች። ወንዶቹ ግን እንጃ።

ከብዙ ንግግር በኋላ ሁለት ነገር ተወሰነ። ከማንኛውም ፕሮጀክት በጀት ላይ ለጥገና የሚሆን ተቀንሶ ይቀመጣል። ደወሉና ሰንሰለቱ ሲተላለፍ ደግሞ አንድ መዝገብ አብሮ ይተላለፋል። ምን ለማን እንደተሰጠ፣ ማን መቼ ሄዶ እንዳየው የሚጻፍበት ነው። መጪው ፕሬዚዳንት መዝገቡን ተቀብሎ ክብደቱን በእጁ መዘን መዘን አደረገና «ይሄን ሁሉ እኔ ልከታተል?» አለ። ግማሹን ለሚቀጥለው እንዲያተርፍለት ነገርነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ተናጋሪያችን ጎሚስታው ነው። ስለ ኩሽኔታና ስለ ፊት ጎማ 20 ደቂቃ ያስረዳናል። ዶክተርና ዲፕሎማት መጋበዝ የለመዱ አንዳንድ አባላት አጉረምርመዋል። ልጁም ከእናቱ ጋር ይመጣል፣ አዲስ ትዕዛዝ ከመላካችን በፊት ናሙናውን እንዲያይልን። የስብሰባ አዳራሻችን መግቢያ ሦስት ደረጃ እንዳለው ያስታወስነው ከጋበዝነው በኋላ ነው። አናጢው ነገ መጥቶ ይለካል።