ዝገት የዋጠውን ምሳር እንዴት መለስኩት

ምሳሩ እጄ ሲገባ ዛቢያው በስብሶ ወልቋል፣ ዝገቱ ቅርፊት ሠርቷል፣ ጀርባው በመዶሻ ብዛት ተቀጥቅጦ ጠርዙ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ግራይንደር ለማንሳት እጄን በላኝ፤ አላነሳሁም። ከዚያ በፊት የነበረኝን ምሳር በዚያው መሣሪያ ነው ያበላሸሁት። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲወጣ «እንዴት ያምራል!» ብዬ ነበር። ለካ ሰማያዊው ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋሉን የሚያሳብቅ ምልክት ነው፤ በዚያ ሙቀት ስለት ጥንካሬውን ያጣል። ያ ምሳር ዛሬም ሁለት ግንድ ሳይፈልጥ ይዶለድማል።

ስለዚህ የአሁኑን ከማጽዳቴ በፊት ምንነቱን ለማወቅ ተነሳሁ። ስመዝነው 1.6 ኪሎ ገደማ ሆነ። በኪሎ ሲታይ ግራ ያጋባል፤ አሜሪካኖች በሚመዝኑበት በፓውንድ ግን ሦስት ተኩል፣ የታወቀ የምሳር መጠን ነው። (ስለት እየተሳለ ስለሚያልቅ ክብደት ብቻውን አይመሰክርም።) ከዚያ በጨለማ ክፍል ባትሪ ከጎን አበራሁበት። ከዝገቱ መሐል ዘውድ፣ ከዘውዱም የወጣ መዶሻ የጨበጠ ክንድ ታየኝ። ይህ በ1826 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ የተመሠረተው የኮሊንስ ኩባንያ ምልክት ነው። ይሁንና ምልክቱ ይኮረጅ ስለነበር ወዲያው አላመንኩም። ፎቶ አንስቼ አስቀመጥኩ፤ ደግ አደረግሁ።

ኮምጣጤ ውስጥ ነከርኩት። አንድ ቀን ይበቃው ነበር፤ እኔ ረስቼው ሦስተኛ ቀኑ ላይ አወጣሁት። አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን መብላት ይጀምራልና የክንዱ ጣቶች ደብዝዘው ቀሩ። አሁን በግልጽ የሚታዩት ፎቶው ላይ ብቻ ነው።

ኮምጣጤው ግን ያልጠበቅሁትን ነገርም ገለጠልኝ። በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ሳጥበው ስለቱ አካባቢ ጠቆር ያለ፣ ወደኋላው ነጣ ያለ ሆኖ ተለየ። ድንበሩ እንደ ክር ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ጠንካራው ብረት በእሳት ተበይዶ የተጨመረ ነው እል ነበር። የእኔው እንደ ጭጋግ ቀስ እያለ የሚጠፋ ነው፤ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ጫፉ ብቻ ጠንክሯል ማለት ነው። በሞረድ ሞከርኩት፤ ጥቁሩን በጭንቅ ቧጠጠ፣ ነጩን በቀላሉ ነከሰ። ከጫፉ እስከ ድንበሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቀርቶታል። ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።

የቀረው ጉልበት ነው። አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ወዲያው ዘይት ቀባሁ፤ ትንሽ ብዘገይ ብርቱካናማ ዝገት ተመልሶ ይይዘው ነበር። የተገለበጠውን ጠርዝ በሞረድ አነሳሁ፤ እንዲያው ቢተው ሲመታ ስንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ስለቱንም በእጅ፣ በሞረድና በድንጋይ ሳልኩት።

አዲሱን ዛቢያ የመረጥኩት የእንጨቱ ጭረት ከስለቱ ጋር ትይዩ የሚሄደውን አይቼ ነው። ሽብልቅ መትቼ አጠበቅሁት። እንዲጠብቅ ብለው ውኃ ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ እንጨቱ አብጦ ብረቱ ውስጥ ይጨፈለቃል፣ ሲደርቅ ከቀድሞው ይብስ ይላላል። የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ የቀባሁበትን ጨርቅ ደግሞ ውጭ ዘርግቼ አደረቅሁ። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል።

ጀርባው ላይ ሁለት የመዶሻ ጉድጓዶች አሉ። እነሱን ለማጥፋት ብዙ ብረት መሞረድ ስለነበረብኝ ተውኳቸው።