የበረዶው አገር ስደተኞች

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሌሊት ፓርኪንግ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ የሚገባም የሚወጣም መኪና የለም። ጃንዋሪ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ ትንሿ ሂተር እግር ስታሞቅ ጀርባ ይቀዘቅዛል። እኔን የሚያነጋኝ መጽሐፍ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ያረጁ መጻሕፍት አመጣልኝ፤ የአሜሪካዊው ደራሲ የአር. ኤ. ሳልቫቶሬ የአይስዊንድ ዴል ትሪሎጂ፣ ባለ ሦስት ክፍል የምናብ ልብ ወለድ። ከ1988 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ አንድ አንድ የወጡ ናቸው።

አይስዊንድ ዴል የዓለም ጫፍ ላይ ያለ የበረዶ ምድር ነው። በሦስት ሐይቆች ዙሪያ አሥር ትንንሽ ከተሞች አሉ። ሰዉ ዓሣ ያጠምዳል፣ የዓሣውን አጥንት ቀርጾ ይሸጣል። አስማቱም፣ ድራገን የሚሉት ክንፋሙ ዘንዶም አለ። ውጊያው ትንሽ ይረዝማል፣ እሱን ቶሎ ቶሎ ነው ያለፍኩት።

እኔን የያዙኝ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ብሩነር የድዋርፎች፣ የተረቱ ድንክ ሕዝብ፣ አለቃ ነው፤ አጭር፣ ጢማም፣ ቁጡ። በረዶው ላይ ቤት ሠርቷል፣ ማዕድን ያስቆፍራል፣ ልጅ አሳድጓል። ልቡ ግን በልጅነቱ ድራገን ካስለቀቃቸው ከአገሩ ከሚትራል ሆል አልወጣም። መንገዱን እንኳ አያስታውሰውም። ሁለተኛው መጽሐፍ ያንን አገር ፍለጋ ነው።

ድሪዝት ደግሞ ጥቁር ቆዳ ያለው ኤልፍ ነው፤ ኤልፍ ጆሮው ሾጣጣ የሆነ የተረት ፍጡር ነው። ከመሬት በታች ካለች ከተማ የወገኖቹን ጭካኔ ጠልቶ ወጣ። ተመልሶ አይሄድም፣ መሄድም አይፈልግም። ጓደኛው አገሩን ሲፈልግ ግን በየመንገዱ አብሮት ይዋጋል።

እኛ ስለ ናፍቆት ስናወራ ሁሌ የብሩነሩን ነው። ቡና ላይ «አገር ቤት መቼ ነው የምትገቢው?» ሲባል ፈንዲሻ ላምጣ ብላ የምትነሳ እህት አውቃለሁ። ሳህኑ ሙሉ ነው፣ እሷ ግን ትነሳለች። የሷን፣ የድሪዝት ዓይነቱን ስደት እንዲህ አክብሮ የጻፈ ሰው ከሳልቫቶሬ በፊት አላጋጠመኝም።

ሲልቨሪሙን የምትባል፣ ሁሉን ትቀበላለች የተባለላት ከተማ አለች። ድሪዝት ስሟን ሰምቶ ተስፋ አድርጎ ይሄዳል። ዘበኞቹ መልኩን አይተው ከበር ይመልሱታል። ገዥዋ በኋላ ራሷ ወጥታ ታናግረዋለች፣ ያ በር ላይ የደረሰበት ግን ከሰው ውስጥ አይወጣም።

ሦስተኛው ላይ መልኩን የሚቀይር ጭምብል ያገኛል። ሰዉ ያለ ፍርሃት ያናግረዋል፣ ደስም ይለዋል። ካቲ ብሪ፣ የብሩነር የጉዲፈቻ ልጅ፣ ፊት ለፊት ትጠይቀዋለች፦ ያሰረህ ነገር ሰው አንተን የሚያይበት ዓይን ነው ወይስ እንዲህ ያዩኛል ብለህ የምታስበው? ለሥራ ሳመለክት ስሜን አሳጥሬ የጻፍኩባቸውን ቅጾች አስታወሰኝ። እዚያ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ልጄ አሁን አንደኛውን መጽሐፍ ጀምራለች። እዚሁ የተወለደች ናት። ልቧ ለብሩነር ያደላል ወይስ ለድሪዝት? ለማወቅ ቸኩያለሁ።