የሃን ዘመን የትርዒት ቅርጾችን በእርሳስ እየገለበጡ ማጥናት

የጥንታዊት ቻይናን የድንጋይ ቅርጾች በእርሳስ እየገለበጥኩ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው በምሥራቅ ቻይና በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ዪናን በሚገኝ መቃብር ውስጥ ያለው ረጅም የትርዒት ቅርጽ ነው። መቃብሩ እ.ኤ.አ. ከ25 እስከ 220 ቻይናን በገዛው በምሥራቃዊ ሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ እንደተሠራ የሚገመት ሲሆን የተቆፈረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው።

እኔ የምሠራው ከቅጂ ነው። ቅጂው የሚነሳው እርጥብ ወረቀት በድንጋዩ ላይ ተለጥፎ በላዩ ቀለም ሲመታበት ስለሆነ ጎልቶ የቀረው ገላ ጠቁሮ፣ ዝቅ ተደርጎ የተጠረበው ዳራና በቀጭኑ የተጫረው መስመር ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህን አጥርቶ መረዳት ከሁሉ መቅደም አለበት እላለሁ፤ አለዚያ የልብሱን እጥፋትና የእጁን አቅጣጫ ለይቶ መከተል አይቻልም።

ከምስሎቹ ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት በግንባሩ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ረጅም ምሰሶ የተሸከመው ሰው ነው። በምሰሶው ላይ ሦስት ልጆች ይገለባበጣሉ፤ ቀራጩም ክብደቱ ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈበትን ቅጽበት መርጧል። ከእርሱ አለፍ ብሎ መሬት ላይ በተደረደሩ ሰባት ሳህኖች መካከል ረጅም እጅጌውን እያወናጨፈ የሚጨፍር ሰው አለ። እጅጌው ወደ ኋላ የተወረወረበትን መስመር ስከተል እግሩ ቀጥሎ ወዴት እንደሚያርፍ ይገባኛል፤ ለእኔ የዚህ ጥበብ ታላቅነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምንጣፍ ላይ በረድፍ የተቀመጡትን ሙዚቀኞች ለማንበብ ደግሞ ከላይ ያለው ረድፍ ከኋላ የተቀመጠው መሆኑን ማስተዋል ይበቃል።

ድንጋዩን ከጽሑፍ ጋር ማስተያየትም ብዙ ጠቅሞኛል። እ.ኤ.አ. ከ78 እስከ 139 የኖረው ሊቅ ጃንግ ሄንግ ስለ ምዕራባዊቷ ዋና ከተማ በጻፈው ግጥም ኳስና ሰይፍ እያፈራረቁ የሚወረውሩትን፣ በገመድ ላይ ከሁለት ወገን መጥተው የሚገናኙትንም ያነሣል። በዪናን ድንጋይ ላይ ሁለቱም ጨዋታዎች አሉ፤ ከገመዱ ሥር ግን ስለታቸው ወደ ላይ የቆመ ሰይፎች ተጨምረዋል። የሃን ታሪክ ጸሐፊዎችም እ.ኤ.አ. በ120 ከደቡብ ምዕራብ የመጣ መልእክተኛ እሳት የሚተፉና ኳስ የሚወረውሩ ሰዎችን ለቤተ መንግሥቱ እንዳቀረበ፣ ሰዎቹም ከባሕር ማዶ ከምዕራብ እንደመጡ መናገራቸውን መዝግበዋል። ስለዚህ እነዚህን ምስሎች የአንድ አገር ጨዋታ ብቻ አድርጌ አላያቸውም።

አሁን በደቡብ ምዕራብ ቻይና ወደሚገኘው ሲቹዋን፣ በዚያው ዘመን ወደተሠሩት ባለ ቅርጽ የሸክላ ጡቦች ተሻግሬያለሁ። በእነርሱ ላይ ተጫዋቾቹ ጥቂት፣ ባዶው ቦታ ሰፊ ስለሆነ የሳህኑን ጭፈራ ከዪናኑ ጋር ጎን ለጎን እየሳልኩ ነው።