አብሲት
ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ተራ አንዲት ልጅ «እትዬ፣ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለኝ፤ ጤፉ ይሆን?» ብላ ሻጯን ጠየቀች። እሳቸውም መስፈራቸውን ሳያቆሙ «አብሲት ትጥያለሽ?» አሏት። ልጅቷ ቃሉን አታውቀውም።

ብዙ ሰው ከእርሾ ጋር ያምታታዋል። እርሾ ሊጡ ሲቦካ የሚገባው ነው፤ አብሲት ግን ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ የሚበስለው ነው። ደግሞ «አብሲት ጣለች» እንጂ «ጨመረች» አይባልም።

ሊጡ ከ2 እስከ 3 ቀን ከቦካ በኋላ ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ከአስር እጅ አንድ እጅ ያህል ቀንሶ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ላይ እያፈሰሱ ማማሰል። እጅ ካረፈ ይጓጉላል። እንደ አጥሚት ወፈር ብሎ ሲያብለጨልጭ ይወርዳል። ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፤ በትኩሱ ወደ ሊጡ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፣ ሊጡም ኩፍ አይልም። ለብ ሲል መልሶ መምታት ነው።

የጤፍ ሊጥ እንደ ስንዴ አይሳብም፤ የሚያያይዘውና አየሩን የሚይዝለት ይህ የበሰለው ክፍል ነው። ያለሱ ዓይኑ ይሳሳል፣ እንጀራው ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የእንጀራ አሠራር የምትጽፉ፣ እባካችሁ ይችን ቃል አትዝለሏት።