ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም አይቀባም

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ልጄ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ቀን ስትሯሯጥ ደህና ናት። ማታ ከተኛች በኋላ ግን ደረቷ ሲር ሲር ይላል። "ብርድ መቷት ነው" ይላል ያየኝ ሁሉ። ጎረቤቶቼ "ኧረ አቦ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ ንፋስ እንዳይገባባት!" ይሉኛል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ።

ሐኪሟ ደረቷን ካዳመጠች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ቤቱ ነው። እርጥበት አለው? አልጋዋ የት ጋ ነው? ቤት ገብተን ቁምሳጥኑን ስንስበው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ለብሷል። ቀለሙ አብጧል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ግድግዳውን የሚነካው የፍራሿ ጠርዝም ሻግቶ ይሸታል። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫዋን ወደዚያ አዙራ ነበር የምትተኛው።

እንጀራ ሲሻግት ማንም አይበላም፣ ይጣላል። ግድግዳ ሲሻግት ግን አብረነው እንተኛለን። ሻጋታው በዓይን የማይታይ ብናኝ አየር ላይ ይበትናል። ብናኙ የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣል፤ አስም ላለበት ልጅ ደግሞ አስሙን ያስነሳበታል። ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፣ ሳንባቸውም ገና እያደገ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለደረት ሲርሲርታና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ጽፏል።

የምንኖረው ጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ውስጥ ነው። የሐረር የድሮ ቤት ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ላዩ በኖራ ይቀባል። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ውሃ ቢጠጣም መልሶ ይተፋል፣ ይደርቃል። የእኛን ቤት በውጭ በኩል ሲሚንቶ ለስነውታል። አሸንዳው ተሰብሮ የጣሪያው ውሃ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ሲሚንቶው መውጫውን ስለዘጋበት እርጥበቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ እኛ ይመጣል። አከራያችን በየዓመቱ ለአረፋ ቀለም ያስቀባል። ሁለት ወር ያምራል፣ ከዚያ ነጠብጣቡ ይመለሳል። ስነግረው "አሁን አይደል እንዴ የተቀባው?" ይለኛል። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። የልጅ ሳንባ በቀለም አይሸፈንም።

መስኮት መዝጋቱም አያዋጣም። በክረምት ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል፣ ድስቱም እዚያው ይንተከተካል። ያ ሁሉ እንፋሎት የት ይሂድ? ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፀሐይ ብቅ ስትል ግራና ቀኝ እከፍታለሁ። ልጄን ሹራብ አለብሳታለሁ እንጂ አየሩን አልዘጋባትም።

ነጠብጣቡን ያጠብኩት እሷ እናቴ ዘንድ ስትውል ነው። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በሳሙናና በውሃ። በደረቁ ከተፋቀ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ በፍጹም አይደረግም። ፍራሹን ጣልኩት። አልጋዋ አሁን በሌላኛው ክፍል፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ነው። ሐኪሟ አጥብቃ የነገረችኝ ነገርም አለ፦ ስትተነፍስ ጎድኗ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ነገ አይባልም፣ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

አከራያችን ትናንት ቀለም ቀቢ ይዞ መጣ። መለስኩት። መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን፣ ቀጥሎ ከታች ያለው ሲሚንቶ ይነሳ፣ ግድግዳው በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ኖራ ይቀባ አልኩት። ቅዳሜ የአሸንዳ ሠራተኛ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል።