አንድ ቀበቶ፣ ሁለት የጫማ ክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምጽፈው እናቴ ለቁልቢው ቅዱስ ገብርኤል «ልጄን ብታወጣልኝ ጃንጥላ አገባለሁ፤ እሱም ያደረግህለትን ይመሰክራል» ብላ ስለተሳለች ነው። እሷ ስለቷን አስገብታለች። የእኔ ግን እስከ ዛሬ ዘገየ፤ ልጽፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ያቺ ሌሊት ትመለስብኛለችና።

ኅዳር 2004 ዓ.ም. ነው። ዳቦ ቤት እሠራ ነበር። ሊጡ የሚቦካው ሌሊት በመሆኑ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከቤት ወጥቼ ወደ ሥራ ስሄድ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙኝ። በዚያው ሰፈር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ወጣት በጩቤ አስፈራርቶ የአንዲት ሴት ቦርሳ ቀምቶ ነበር። ጥቁር ጃኬት ለብሷል ብላለች፤ እኔም ጥቁር ጃኬት ለብሻለሁ። ጣቢያ እንደደረስን ተረኛው ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር አስፈታኝ። ታሳሪ በራሱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ የሚደረግ የተለመደ አሠራር ነው። በትልቁ መዝገብ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን አስፍሮ «አንድ ቀበቶ፣ ሁለት የጫማ ክር፣ 37 ብር» ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ። ሱሪው የታላቅ ወንድሜ ስለነበር ይሰፋኛል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በግራ እጄ ጨብጬ ያዝሁት።

አሥራ አንድ ሰዎች ባሉበት ክፍል ከበሩ ሥር ተቀመጥሁ። ብርዱ ከሲሚንቶው እየተነሣ አጥንቴ ውስጥ ይገባ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስሜ ተጠራ። የወሰዱኝ አንዲት አምፖል ወዳለችበት ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀድሞ የተሞላ ወረቀት ተቀምጧል፤ ከታች የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነበር። መርማሪው ድምፁን ሳያነሣ «ፈርምና ቅጣቱ ይቀልልሃል፤ ካልፈረምህ ግን እናትህ ስንቅ እያመላለሰች ታረጃለች» አለኝ። ብዕሩን በቀኝ እጄ አስያዘኝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቼ ሳነብ «ድርጊቱን መፈጸሜን በፈቃዴ አምናለሁ» ይላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ መደንገጉን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የማውቀው እጄ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር፤ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌያለሁ።

አቡነ ዘበሰማያት ልል ጀመርሁና ቃሉ ጠፋብኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት ከመካከሉ ተቆረጠ። በዚያ ባዶ ቦታ የመጣልኝ እናቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው መዝሙር ነበር፤ ቃሉ እንኳ አይደለም፣ ዜማው ብቻ። ብዕሩን አስቀመጥሁ። «ጌታዬ፣ አላደረግሁም» አልሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙረው እስኪነጋ አቆሙኝ። ወፍ ሲንጫጫ እግሬ ደንዝዞ ነበር፤ ወረቀቱ ግን አልተፈረመም። የገብርኤል የመጀመሪያ ሥራ ይህ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጠዋት ከአምስት ሰዎች ጋር ግቢው ውስጥ አሰለፉን። እነሱ ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ቀበቷቸውን ታጥቀዋል፣ ጫማቸው ታስሯል። እኔ ያልተኛሁት እንቅልፍ ፊቴ ላይ እየታየ፣ የጫማዬ ምላስ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ሱሪዬን በእጄ ይዣለሁ። ሴትዮዋ ከአንደኛው ጫፍ ጀምራ መጣች፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆመችና አለቀሰች። ከዚያ ጠቆመችኝ።

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረብሁ፤ የጊዜ ቀጠሮ፣ ክስ፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር፣ ተከላከል የሚል ብይን ተከታተሉ። የመከላከያ ምስክሬ እናቴ ነበረች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አብረን ራት እየበላን እንደነበር ወንጌል ይዛ ምላ ተናገረች፤ ፍርዱ «ለልጇ የምታደላ በመሆኗ» ብሎ አለፋት። ስለ ራሴ ከተባለው ሁሉ ይልቅ ያቺ ሐረግ እስከ አሁን ታመኛለች። ግንቦት 2004 በወንጀል ሕጉ ቁጥር 670 በውንብድና ጥፋተኛ ተብዬ አምስት ዓመት ከስድስት ወር ጽኑ እሥራት ተፈረደብኝ።

ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላሁት ያን ጊዜ ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር ዳዊት ራሱ በለቅሶ እንዳለው ሳይሆን በቁጣ እጮኸው ነበር። እናቴ የላከችልኝን ዳዊት ወረወርሁት፤ ለሁለት ወር አላማተብሁም። ለንስሐ አባቴ «ገብርኤል ለሠለስቱ ደቂቅ እሳቱን አበረደ፤ እኔን ለምን እዚያው ተወኝ?» ብያቸዋለሁ። አልተቆጡኝም። መጽሐፈ ሶስናን ከፍተው «አንብበው፤ ስትጨርስ እንነጋገራለን» አሉኝ። አባቴ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ሁለት ሽማግሌዎች ከወጣት ጋር ስታመነዝር አየናት ብለው በሐሰት የመሰከሩባት ሶስና የዳነችው ከተፈረደባት በኋላ፣ ለሞት ስትወሰድ ነው። መልአክ የወህኒ በር አልከፈተላትም፤ እግዚአብሔር የወጣቱን የዳንኤልን መንፈስ አስነሣና ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገው፤ መልሳቸው ስላልገጠመ ሐሰታቸው ተገለጠ። እኔን በተመለከተ ማንም ዛፉን አልጠየቀም ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። አንደኛው አብሮኝ የታሰረው መምህር ነው፤ ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 15 ቀን ብቻ መሆኑን ነግሮኝ፣ ኩርፊያዬን ሳይሰማ፣ ማስታወቂያውን በእጁ ጽፎ ያስፈረመኝ እሱ ነው። ሁለተኛዋ መንግሥት ያቆመልኝ ተከላካይ ጠበቃ ናት። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አንብባ መጣችና የሴትዮዋን የምስክርነት ቃል ዘረጋችልኝ። ዐቃቤ ሕጉ በምን ለየሽው ሲላት የመለሰችው እንዲህ ተጽፏል፦ «ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር፤ የፈራ ይመስል ነበር፤ እሱ መሆኑን ወዲያው ዐወቅሁ።» ጠበቃዋ ጣቷን ከቃሉ ላይ ሳታነሣ «ሱሪህን ለምን ያዝህ?» አለችኝ። ዛፉ ይህ ነበር። ነገርኋት። ፈርሜ ነው የሰጠሁት፣ መዝገብ ላይ አለ አልኋት።

አሥራ ሦስት ወር አለፈ።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት ያስቀርባል፣ ማለትም ይግባኙ ሊሰማ ይገባል፣ ብሎ ያ የጣቢያ መዝገብ እንዲመጣ አዘዘ። ሰብሳቢው ዳኛ መስመሩን ጮክ ብለው አነበቡት፦ አንድ ቀበቶ፣ ሁለት የጫማ ክር፣ ከሰልፉ በፊት ባለው ምሽት። ሴትዮዋ የለየችው ቀማኛውን ሳይሆን ከስድስቱ መካከል ታሳሪ የሆነውን ነው፤ ከዚህ በቀር ደግሞ በእኔ ላይ ምንም ማስረጃ የለም ሲሉ ፍርዱን ሻሩት። ሰኔ 2005 ዓ.ም. ማክሰኞ ዕለት የመፍቻ ትእዛዙ ማረሚያ ቤቱ ደረሰ። «ወጥመድ ተሰበረ፥ እኛም አመለጥን።»

ሴትዮዋን ይቅር ብያለሁ፤ አልዋሸችምና። ባየችው ጩቤ ምክንያት አንድ ፊት ትፈልግ ነበር፤ እኔን ብቻ እንድታይ አድርገው አቆሙላት። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ሮናልድ ኮተን የተባለ ሰው በተጠቂዋ የተሳሳተ ምርጫ ተፈርዶበት ከ10 ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ መውጣቱን፣ ሴቲቱም ይቅርታ ጠይቃው መታረቃቸውን ጠበቃዬ ነግራኛለች። እኔ ግን ይቅር ማለቴን የምነግርበት መንገድ አላገኘሁም። ያን ቀን ሰልፉን ያዘጋጁትን ይቅር ለማለት ደግሞ ገና እየጸለይሁ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2006 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ቁልቢ ወጣን። ሕዝቡ እንደ ባሕር ነው፤ እልልታው ተራራውን ይመታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ብዬ ክሩን ስነካው ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። እናቴ ጃንጥላውን በብብቷ ይዛ ተንበረከከችና፣ ሕፃን ሳለሁ እንደምታደርገው፣ መጀመሪያ የቀኙን ከዚያ የግራውን ፈታችልኝ።