ዘይቱ ሲቀየር ወረቀቱ ያው ነበር

ደሴ ቧንቧ ውኃ አካባቢ፣ ከመኖሪያዬ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አሽጌ መሸጥ ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። መነሻዬ ንግድ አልነበረም። ልጄ አራት ዓመቱ ሳለ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን፣ ከቡና ቁርሱ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግኖ በላ፤ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ አለ፣ ድምፁ ሻክሮ ትንፋሽ አጠረው። ሐኪም ቤት ደርሰን አድሬናሊን የሚባለውን መድኃኒት እስኪወጋ ድረስ የነበረውን ጊዜ ዛሬም ማስታወስ አልወድም። ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ ነበረበት። ከዚያ ቀን በኋላ የልጄን ቆሎ ራሴ መቁላት ያዝሁ፤ የቀመሱ ጎረቤቶች "ለእኛም" አሉ፤ ሱቆች ጠየቁኝ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራ ሆነ።

የመጀመሪያው ከረጢቴ ፊት ላይ በደማቁ የታተመው "ለአለርጂ ተስማሚ" የሚል ቃል ነበር። ያን ከረጢት ዛሬ ሳየው አፍራለሁ። ዳቦ ቆሎ የሚሠራው ከስንዴ ነው፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ያን ቃል አምኖ ቢገዛው ኃላፊነቱ የማን ሊሆን ነበር? እኔ አለርጂ ስል በልቤ የነበረው የልጄ ኦቾሎኒ ብቻ ነው፤ ገዢው ግን እዚያ ላይ የሚያነበው የየራሱን ነው። በኋላ ስመረምር፣ የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ ከ2006 ጀምሮ ስምንት ነገሮች፣ ማለትም ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊት ለበስ የባሕር እንስሳት፣ እንደ አልሞንድ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴና አኩሪ አተር በስማቸው እንዲጻፉ እንዳዘዘ፣ ሰሊጥም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሕግ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨምሮ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግዴታ እንደ ሆነ ተረዳሁ። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር ዐሥራ አራት ነው። ሕጎቹ የሩቅ አገር ናቸው፤ ዝርዝሩ ግን የእኛን ጓዳ ያውቀዋል፤ ሰናፍጭ ከጾም ማዕዳችን፣ ግብጦ ከአረቄ ቤት፣ ሰሊጥ ከዘይት ቤት አለና። የአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም አሳሳች ገላጭ ጽሑፍን ይከለክላል። ስለዚህ የቀድሞውን ቃል አስወጥቼ "ኦቾሎኒ አልተጨመረበትም፤ ስንዴ አለበት" የሚል አሳተምሁ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝም ተኛሁ።

የተሳሳትሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ደሴን ነክቶ ካለፈ በኋላ ሥራዬን እንደገና ሳቋቁም የቀድሞው አቅራቢዬ አልተመለሰም፤ የታሸገው የሱፍ ዘይትም ዋጋው አልቀመስ አለ። ስለዚህ ከአንድ ዘይት ቤት የተጨመቀ የኑግ ዘይት በጀሪካን መግዛት ጀመርሁ። ዳቦ ቆሎው እንዲያውም ጣዕሙ አማረ። ከረጢቱ ላይ የታተመው "የስንዴ ዱቄት፣ የአትክልት ዘይት፣ ስኳር፣ በርበሬ፣ ጨው" ስለ ነበር፣ ኑግም የአትክልት ዘይት ነው ብዬ አንዲት ፊደል አልነካሁም።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ከኮምቦልቻ አንዲት እናት ደወለችልኝ። ልጇ ሰሊጥ አይስማማትም፤ ከዓመት በላይ ያለ ችግር የበላችው የእኔ ዳቦ ቆሎ በዚያ ሳምንት ፊቷን አሳብጦ አስመለሳት። "አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ደኅና ናት" አለችኝ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "እኅቴ፣ ምን ገባበት? ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ያው የድሮው ነው" ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ ዘይት ቤቱ ሄድሁ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። "ሐጂ፣ አንቱ በዚህ መጭመቂያ ከኑግ ሌላ ምን ይጨምቁበታል?" ብዬ ስጠይቃቸው ምንም ሳይደብቁ፣ "ሰሊጡንም፣ ሱፉንም፣ የመጣውን ሁሉ፤ አንዳንዴ ለውዝም። አብሽሪ ልጄ፣ ሲጨመቅ ሁሉም ያው ዘይት ነው" አሉኝ። "ለውዝም" የሚለውን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ያን ዳቦ ቆሎ ልጄም ሲበላው ነው የሰነበተ። ሐጂ አልዋሹኝም፤ እኔ ቀድሜ አልጠየቅኋቸውም እንጂ።

እዚህ ላይ ያልገባኝ ነገር ነበር። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ነው፤ በፋብሪካ በሚገባ የተጣራ ዘይት ፕሮቲኑ ከሞላ ጎደል ስለሚወገድለት የአሜሪካ ሕግ እጅግ የተጣራ ዘይትን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል፤ በቀጥታ ተጨምቆ የሚቀዳ ዘይት ግን የቅባት እህሉን ፕሮቲን፣ ከፊተኛው ዙር መጭመቂያው ላይ የቀረውንም ጭምር፣ ይዞ ይመጣል። እሳቱ ያጠፋዋል ማለትም ከንቱ ተስፋ ነው፤ ኦቾሎኒ ሲቆላ አለርጂነቱ አይሞትም፣ ከተቀቀለው ይልቅ የተቆላው ይብሳል እንጂ። "የአትክልት ዘይት" የሚሉት ሁለት ቃላት ለካ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን ሲሸፍኑ ኖረዋል።

ወረቀቱን ለምን አልቀየርሁም? ግማሹ ቸልተኝነት ነው፤ ግማሹ ግን ገንዘብ ነው፤ ይህን የሚናገር አምራች ብዙ ስለማላገኝ እኔ ልናገረው። ማተሚያ ቤቱ ከአምስት ሺህ በታች ከረጢት አያትምልኝም ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገና ከነእሽጉ ተቀምጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቴ የያዘውን ይዞ ሲቀር፣ እኔም ከረጢቴን አልለቅ ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የሱፍ አበባ ዘይት ሲጠፋ፣ የብሪታኒያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ አምራቾች በተጣራ የሬፕሲድ (የጎመን ዘር ዘመድ) ዘይት ተክተው ገላጭ ጽሑፉን ለጊዜው ሳይቀይሩ እንዲሸጡ መፍቀዱን ሳነብ፣ "ታዲያ እኔ ብቻ ነኝ ወንጀለኛ?" አልሁ ለራሴ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ እነሱ የአለርጂውን ሥጋት አስቀድመው መዝነው ለሕዝብ በይፋ ተናገሩ፤ እኔ አልመዘንሁም፣ አልተናገርሁም።

ለደሴ፣ ለሐይቅ፣ ለኮምቦልቻና ለከሚሴ ሱቆች በዚያው ቀን ደወልሁ፤ ያልተሸጠውን አስመለስሁ፤ ለተሸጠው በእጄ የጻፍሁትን ማስታወቂያ በየሱቁ ደጃፍ ለጠፍሁ። ከሱቆቹ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ከእኔ መውሰድ ተዉ፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ የእያንዳንዱን ግብዓት ዱካ ወደ ኋላ መከተል ጀመርሁ። በርበሬዬ የሚፈጨው ሽሮም፣ እህልም፣ የቀረበለትን ሁሉ በሚፈጭ ወፍጮ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻና በ2015 አሜሪካ ውስጥ የተፈጨ ከሙን ያልተገለጸ የኦቾሎኒ ፕሮቲን ተገኝቶበት እጅግ ብዙ ምርቶች ከገበያ መሰብሰባቸውን ያነበብሁት ያን ሰሞን ነው፤ ከሙን እንዲያ ካደረገ የእኔ በርበሬ ምን ዋስትና አለው ብዬ አነስተኛ ወፍጮ ገዝቼ ዛላውን ራሴ አስፈጫለሁ። ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ሰፌዱ ነው። ምጣድና ወንፊት በሳሙናና በውኃ በደንብ ከታጠቡ ይጸዳሉ፤ በአልኮል መወልወል ግን ፕሮቲኑን አያነሳውም። ሰፌድ የስንደዶና የአክርማ ሥራ በመሆኑ ዱቄቱ በየስፌቱ መካከል ይገባና ምንም ብታጥቡት አይወጣም። እናቴ የሰፋችልኝን ሰፌድ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በቆርቆሮ ትሪ ማንፈስ ጀመርሁ፤ ሠራተኞቼ ለሳምንታት ሲያጉረመርሙ ኖሩ፤ እውነትም ትሪ እንደ ሰፌድ አያንገዋልልም።

በመካከል አንድ መጥፎ ሐሳብ መጣብኝ። ከረጢቱ ላይ "ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ አኩሪ አተር ሊኖርበት ይችላል" ብዬ ብጽፍ ከኃላፊነት ነፃ እወጣ የለም? በአሜሪካም በአውሮፓም "ሊኖርበት ይችላል" የሚለው ማስጠንቀቂያ በፈቃደኝነት የሚጻፍ ነውና ማንም አይጠይቀኝም። የአሜሪካው የሰሊጥ ሕግ ሲመጣ ደግሞ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች መሣሪያቸውን ከማጽዳት ይልቅ ቀድሞ ያልነበረበት ዳቦ ላይ ሆን ብለው ሰሊጥ ጨምረው "ሰሊጥ አለበት" ብለው ጻፉ፤ ሕጉን አልጣሱም፤ ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች ግን ሲበሉት የኖሩትን ዳቦ አጡ። ይህን ለኮምቦልቻዋ እናት ባወራት፣ "ታዲያ አንቺም እንዲያ ከጻፍሽ እኛ ምን ቀረን?" አለችኝ። ሐሳቡን ተውሁት።

የቃላቱ ጉዳይ ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ ሆነ። ለውዝ ስንል አብዛኞቻችን ኦቾሎኒ ማለታችን ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን አልሞንድ ለውዝ የሚለው ሰውም አለ፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ አለርጂዎች ናቸው። ሱፍ ስንል የወሎው እሾኻም ሱፍ ነው ወይስ የሱፍ አበባው? አሁን "ኦቾሎኒ (ለውዝ)" ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የዘይቱንም ዘር በስሙ እጠራለሁ። ብዙ ባለ ሱቆቼ ማንበብ የማይችሉ እናቶች በመሆናቸው የተሰረዘበት የኦቾሎኒ ሥዕል ጨመርሁ፤ ለከሚሴና ለባቲም በኦሮምኛ አስጻፍሁ።

ከስንዴ ውጭ የሆነ ነገር ለሚፈልጉ የማሽላ ቆሎ ሳወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ወሎ "ወተት በጉንጬ" የሚባል ማሽላ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከወሎ በተሰበሰበ ማሽላ ውስጥ ከፍተኛ ላይሲን (ሰውነት ከምግብ ብቻ የሚያገኘው የፕሮቲን ክፍል) ያላቸውን ዓይነቶች ማግኘታቸውን ካሳወቁ ወዲህ በሳይንሱ ዓለምም የታወቀ ወገን ነው። በኩራት ስሙን በትልቁ አሳተምሁት። አንድ አባት ወተት የማይስማማው ልጅ ስላላቸው ከረጢቱን ከሱቁ መልሰው ላኩልኝ! መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ከተማ ያደገ ሰው የማሽላውን ስም በምን ያውቃል ብዬ፣ ከስሙ ሥር "የማሽላ ዓይነት ስም ነው፤ ወተትም ቅቤም የለበትም" አስጻፍሁ።

በዚሁ ቆሎ ላይ "ግሉተን የሌለው" ብዬ እንድጽፍ ብዙ ሰው መክሮኛል። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ማሽላ በተፈጥሮው የለውም፤ ነገር ግን ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ይህ ቃል የሚጻፈው ግሉተኑ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ሳይበልጥ ነው፤ እኔ ደግሞ የማስመረምርበት አቅም የለኝም። ማሽላው በገበያ የሚሰፈረው ስንዴና ገብስ በተሰፈረበት ቁና ነው። ስለዚህ "ከማሽላ ብቻ የተሠራ፤ ስንዴና ገብስ በሚዘጋጁበት ቤት የተዘጋጀ" ብዬ ጻፍሁ፤ ገበያ እንደሚያሳጣኝ አውቃለሁ።

የከረጢቱን ነገር የፈታሁት በቀላል መንገድ ነው፤ በብዛት የሚታተመው ከረጢት ላይ ስምና ሥዕል ብቻ አስቀርቼ፣ የግብዓቱን ዝርዝር እዚሁ ደሴ በጥቂት በጥቂቱ በሚታተም ተለጣፊ ወረቀት አደረግሁ። እያንዳንዱ ዙር ቁጥር አለው፤ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ዱቄቱ ከማን በየትኛው ቀን እንደ ተገዛ ከቁጥሩ ጋር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ጀርባ ላይ ብቻ መቀየር ግን አይበቃም፤ አንድን ምግብ አምኖ የለመደ ሰው ጀርባውን ማንበብ ይተዋል። የኮምቦልቻዋ እናት ሁለት ጊዜ ያነበበችው እንኳ ልጇ ከታመመች በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ግብዓት ወይም አቅራቢ ሲቀየር ለሦስት ወር ያህል ፊቱ ላይ "ይዘቱ ተቀይሯል፤ ዝርዝሩን ያንብቡ" የሚል ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ባለ ሱቆች አይወዱትም፤ የተበላሸ ዕቃ ያስመስለዋል ይላሉ። ሽያጩም በእርግጥ ይቀንሳል።

ባለፈው ክረምት የበርበሬ አቅራቢዬን ቀየርሁና ቀይ ወረቀቱን ለጠፍሁ። በሳምንቱ የኮምቦልቻዋ እናት ደወለች፤ ምን እንደ ተቀየረ ጠየቀችኝ፤ መዝገቡን ከፍቼ ዛላው ከየት እንደ መጣ፣ የት እንደ ተፈጨ፣ ወፍጮው መቼ እንደ ታጠበ አነበብሁላት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና አመሰገነችኝ፤ "ለአሁኑ ግን ይቆየኝ፤ የሚቀጥለውን ዙር አይቼ እገዛለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋች።